አንፊን የገዛው ትልቁ መጥመቂያ

አንፊን በሚስቱ ቀንቶ አያውቅም። ራግና በወጣትነቷ በሰርጡ ዳር ካሉ መንደሮች ሁሉ የታወቀች ጨፋሪ ነበረች። ሠርግ ቤት ወንዱ ሁሉ እየተሻማ ሲያስጨፍራት እሱ ጥግ ይዞ ቢራውን ይጠጣል። "ይሄ ሰውዬ ደም የለውም እንዴ?" ይሉ ነበር የሚያዩት። ደምስ ነበረው። ግን ጸጉሩ ሸብቶ፣ ጉልበቱ ደረጃ ሲወጣ መንቋቋት ከጀመረ በኋላ ደሙን ያፈላው ሴት ሳትሆን ጓደኛው ቶርጊልስ ነው።

ሁለቱ የተወለዱት በአንድ መንደር፣ በአንድ ዓመት ነው። አንፊን አናጢ ነው፤ ቤትም ጀልባም ይሠራል። ቶርጊልስ በግ ያረባል፤ በረዶ ሲገባ ደግሞ የመንገድ በረዶ የሚጠርገውን መኪና ይነዳል። ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ከአንፊን ማሳ ማዶ ብቻውን ይኖራል። በጎቹ ከተራራ ወርደው የሚታረደው ከታረደ በኋላ፣ ጥቅምት ላይ፣ ሁለቱ ጓደኛሞች ለገና የሚሆነውን ቢራ አብረው ይጠምቃሉ። ከአንፊን ቤት ጀርባ ባለችው ጠባብ የመጥመቂያ ጎጆ ውስጥ ጥላሸት የጠጣ ትልቅ የመዳብ ድስት ተጥዷል። የጥድ ቅርንጫፍ ቆርጠው ይቀቅላሉ፤ በጥዱ ውሃ ብቅሉን ይዘፈዝፋሉ፤ እንጨት ይማግዳሉ፤ የፈላ ውሃ በባልዲ ይቀዳሉ፣ ያፈሳሉ፣ መልሰው ይቀዳሉ። ሲመሽ የብቅሉ ጭማቂ ለብ ይላል፤ ከአንፊን አያት የወረደው እርሾ ይጨመርበታል፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ጎን ለጎን ቆመው ሳንባቸው እስኪሰነጠቅ ይጮኻሉ። በዚያ አገር ወጉ ይሄው ነው፤ እርሾው ሲገባ ያልተጮኸለት ቢራ ሰነፍ ይሆናል ይባላል። ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት መስኮቱን ከፍቶ፣ "እሰይ፣ የገናው ቢራ ተጠነሰሰ" ይላል።

ዮስት የሚባለው ሆላንዳዊ እስኪመጣ ድረስ ነገሩ እንዲህ ነበር።

ዮስት የተዘጋውን የመንደሩን ትምህርት ቤት ገዝቶ የገባ፣ የቤት ማሞቂያ እየጠገነ የሚኖር፣ ቁመቱ ከበር ጉበን ጋር የሚጣላ ሰው ነው። የመንደሩን ሰዎች ቋንቋ እየሰባበረ ይናገራል፤ ሲስቁበትም አብሮ ይስቃል። ትምህርት ቤቱ ጋራዥ ውስጥ የኤሌክትሪክ መጥመቂያ አለው፦ ወገብ የሚደርስ፣ ከሥሩ ማሞቂያ፣ ከጎኑ ፓምፕ፣ ከፊቱ ቁጥር የሚያበራ ትንሽ ሰሌዳ ያለው የማይዝግ ብረት በርሜል። ማሞቁን፣ መዘፍዘፉን፣ ማጥለሉን፣ ማፍላቱን ሁሉ በዚያው በአንዱ ዕቃ ይጨርሳል። አንፊን ወሬውን ሲሰማ "የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው" ብሎ አሹፎ ነበር።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ሲደርስ አንፊን መጋዙን ስሎ ጥድ ለመቁረጥ ተዘጋጀ። ቶርጊልስ ደወለ።

"ዘንድሮ ትንሽ ቆየት ብንልስ? ሥራ በዝቶብኛል።"

"የምን ሥራ? በጎችህ ታርደዋል።"

"አለ እንጂ፤ አንዳንድ ነገር" አለና ስልኩን ዘጋው።

ያ ሳምንት ሳያልቅ፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ አንፊን የራሱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የላላ ቆርቆሮ ሲመታ ከትምህርት ቤቱ በኩል ጩኸት ሰማ። ድምፁ የቶርጊልስ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ፣ ስልሳ ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል ሳይቀር፣ ከጎኑ ሆኖ የሰማውን ድምፅ እንዴት ይስተዋል? ወዲያው ደግሞ ሌላ ድምፅ ተከተለ፤ ረዝሞ፣ መጨረሻው ላይ በሳቅ የተሰበረ። ጩኸት የማያውቅ ሰው ጩኸት ነበር።

መዶሻው አንፊን እጅ ላይ ቀረ። ከጣሪያው ወርዶ ወጥ ቤት ገባ።

"ሰማሽው?" አላት ራግናን።

ራግና ድንች እየላጠች ነበር። "ምኑን?"

"ጩኸቱን ነዋ! ቶርጊልስ ከዚያ ከሆላንዱ ጋር እርሾ ጨመረ።"

"ታዲያ ምን ይሁን? ጨመረ።"

"ሥራ በዝቶብኛል ብሎኝ!"

ራግና ቢላዋውን አስቀምጣ አየችው። "አንተ ሰውዬ፣ በእኔ እንኳ እንዲህ ሆነህ አታውቅም። ያ የመርከብ ካፒቴን ሠርግ ቤት ሌሊቱን ሙሉ ሲያስጨፍረኝ አንተ የሰው በግ ጎድን ስትግጥ ነበር።"

"አንቺማ ተመልሰሽ መጣሽ" አለ አንፊን።

ራግና ልትስቅ የከፈተችውን አፏን መልሳ ገጠመችው።

ሰኞ ዕለት ቶርጊልስን ሱቅ በር ላይ አገኘው። ቶርጊልስ የውሻ ምግብ ገዝቶ ነበር፤ ትንሹን ከረጢት ነው የያዘው፣ እንደ ወትሮው ትልቁን ጆንያ አይደለም። አንፊን ግን ያን ጊዜ ዓይኑ ይህን አላየም።

"ጉሮሮህ እንዴት ነው?" አለው።

"ደኅና ነው። ለምን?"

"ቅዳሜ ስትጮኽ የሰማሁህ መስሎኝ።"

ቶርጊልስ ፊቱ ቀላ። "እ... አዎ። ዮስት ጋ ነበርኩ። እንዲያው ዕቃውን ልይ ብዬ ነው። ትገረማለህ አንፊን! ውሃውን ትሞላለህ፣ ብቅሉን ትጨምራለህ፣ ከዚያ ቁጭ ነው። ቡናህን እየጠጣህ ስታወራ ቢራው ራሱን ይጠምቃል። ባልዲ የለ፣ እንጨት የለ።"

"ስታወራ? ስለ ምን ታወራላችሁ?"

"ስለ ምንም። ያው ወሬ ነዋ።"

አንፊንን የገደለው ይህ ነው። እሱና ቶርጊልስ ሲጠምቁ ወሬ የሚባል አልነበራቸውም፤ ባልዲ ሲቀባበሉ ትንፋሽ ይበቃቸው ነበር። እንግዲህ ቶርጊልስ ወሬ ያምረው ኖሯል፤ ያማረውን ደግሞ ሌላ ዘንድ አግኝቷል። አንፊን ዳቦ ሊገዛ መጥቶ ሳይገዛ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁለት ሳምንት ስልኩ ላይ ተደፍቶ አሳለፈ። ጠማቂዎች ስለ ዕቃዎቻቸው የሚሟገቱበትን ሁሉ አነበበ። አንዱ ማሞቂያው ተደብቆ ከሥር ያለው ይሻላል ይላል፤ ሌላው ለማጽዳት ገላጣው ይሻላል ይላል፤ ሦስተኛው ሁለቱንም ይሰድባል። አንፊን ስለ አውሎ ነፋስ የሚያነብ መርከበኛ መስሎ ያነባል። የፈለገው ግን ጥሩውን ዕቃ አልነበረም። ከዮስት የሚበልጠውን ነው።

ወደ በርገን ከተማ ወረደ። የጠማቂዎች ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ክንዷ ላይ የጌሾ ሐረግ የተነቀሰች ወጣት ሴት ተቀበለችው።

"ምን ያህል ነው በአንዴ መጥመቅ የምትፈልገው?"

"ሆላንዶች የሚገዙት የትኛውን ነው?"

"ምን አልከኝ?"

"ጎረቤቴ ሆላንዳዊ ነው። እዚህ የሚደርስ ዕቃ አለው" አለና እጁን ወገቡ ላይ አደረገ።

"እንግዲያው ትንሹ ነው። ለቤት እሱ ይበቃል። ተራ ሶኬት ላይ ይሠራል፣ ማጠቡም ቀላል ነው።"

"ከሱ የሚበልጠውስ?"

ልጅቷ ወደ ውስጥ ወሰደችው። ትልቁ ጥግ ላይ ቆሞ ያብረቀርቃል፤ ደረቱ ድረስ ይደርሳል። አንፊን በመዳፉ ዳሰሰው፤ በጉልበቱም መታው። እንደ ደወል ጮኸ።

"ይሄ የራሱ የኤሌክትሪክ መስመር ይፈልጋል፤ ተራ ሶኬት አይችለውም" አለች። "ደግሞ ብቅሉ ያለበት ወንፊት ውሃ ጠጥቶ ሲወጣ ድንጋይ ነው። ከጣሪያ የሚንጠለጠል መዘውርና ገመድ ያስፈልግሃል። እዚሁ አለን።"

"እኔ ጀልባ የምሸከም ሰው ነኝ።"

"ብቅሉንም አታድቅቀው፤ ሸርከት ብቻ። ከደቀቀ ሊጥ ይሆንና ፓምፑን ያፍነዋል።"

"ብቅል መፍጨት ከአባቴ ነው የተማርኩት።"

"እሺ" አለች ሻጯ ፈገግ ብላ። "ሌላ ጥያቄ አለህ?"

"ከዚህም የሚበልጥ አለ?"

"አለ። ግን ፋብሪካ ካልከፈትክ በቀር..."

አንፊን ትንሽ አሰበ። እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ አይደለም ያሰበው። በመጨረሻ ግን የጎጆዋ ጠባብ በር ትዝ አለውና ትልቁን ብቻ ገዝቶ ተመለሰ። መዘውሩን አልገዛም።

ራግና ካርቶኑ ሲከፈት ደረሰች። "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ለላም ወተት?"

"መጥመቂያ ነው።"

"የአባትህ የመዳብ ድስትስ?"

"እሱም አለ።"

"ቶርጊልስ ያውቃል?"

"ሲያይ ያውቃል" አለ አንፊን። ሐሳቡ ይህ ነበር፦ ዕቃውን በደንብ ይለማመደዋል፤ ከዚያ አንድ ቀን እንደ ዘበት ቶርጊልስን ወደ ጎጆዋ ያስገባዋል፤ ቶርጊልስ ያንን የሚያህል ነገር ሲያይ አፉን ይይዛል፤ የሆላንዱ ዕቃ ከዚያ በኋላ ሻይ ማፍያ ይሆንበታል።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቶ መስመሩን አስገባ። የመጀመሪያውን ቀን ብቅሉን ራሱ ፈጨ፤ በአባቱ ወፍጮ፣ እንደ አባቱ አደቀቀው። ውሃውን ሞላ፣ ሰሌዳውን በጣቱ ነክቶ ሙቀቱን አዘዘ። ቁጥሩ እየጨመረ ሄደ። አንፊን ቆመ። ተቀመጠ። ደግሞ ቆመ። የሚሠራው ነገር አልነበረም። ያ የመዳብ ድስት ለቅናት ጊዜ አይሰጥም፤ እሳቱ ቢጠፋስ፣ ውሃው ቢገነፍልስ ሲባል ይዋላል። ይሄኛው ግን ሁሉን ራሱ እየሠራ ሰውዬውን ከነሐሳቡ ብቻውን ተወው። ፓምፑ እዝ እዝ ይላል። አንፊን ባዶውን በርጩማ እያየ፣ 'አሁን ሁለቱ ጋራዡ ውስጥ ምን እያወሩ ይሆን? ስለ እኔ? ያ ሰውዬ በጢስ ታፍኖ ይሙት ይሉኝ ይሆን?' ይል ጀመር።

በዚህ ሐሳብ ውስጥ ሳለ ብቅሉ ሊጥ ሆነ። ጭማቂው ከላይ እንደ ኩሬ ተኛ፤ ሥሩ ደረቀ፤ ማሞቂያው ባዶውን ነደደ። ሰሌዳው ላይ አንድ ፊደል ብልጭ ድርግም እያለ ዕቃው ይጮህ ጀመር። የቃጠሎ ሽታ ጎጆዋን ሞላት። አንፊን መስመሩን ሲያጠፋ ማሞቂያው ላይ ጥቁር ቅርፊት ተጋግሮበት ነበር። ሽቦ ይዞ ሲፍቅ ዋለ፤ በማግስቱም ፋቀ። የተቃጠለውን ድፍድፍ ሰው ሳያየው ከጎጆዋ ኋላ ቆፍሮ ቀበረው።

"እንዴት ሆነልህ?" አለችው ራግና።

"ደኅና ነው።"

"የቀበርከው ምንድን ነው?"

"አይጥ።"

"ትልቅ አይጥ ነው" አለች ራግና።

ጉድጓዱ ገና ሳይደርቅ ቶርጊልስ መጣ። አንፊን መኪናውን እንዳየ ሮጦ መጥመቂያው ላይ ሸራ ጣለበትና ደጅ ላይ ጠበቀው። ቶርጊልስ ባርኔጣውን እያሻሸ ቆመ።

"ከአያትህ እርሾ ትንሽ ልትሰጠኝ ትችላለህ? ዮስት የፓኬት እርሾ ነው ያለው። ያንን የጠመቅነውን ቀምሼው ሆዴ አልተቀበለውም። የኛን ጣዕም ላሳየው ብዬ ነው።"

የኛን። አንፊን ቃሉን ሰምቶ ጥርሱን ነከሰ። የኛ የሚባለው ነገር ተቆርሶ ማዶ ሊሄድ ነው።

"ለምን አልሰጥህም? ቆየኝ" አለ፤ ፈገግ ብሎም ነበር።

ምድር ቤት ወርዶ እርሾው የሚቀመጥበትን ብልቃጥ አወጣ፤ በትንሽ ጠርሙስ ቀነሰ። ወጥ ቤት ምድጃው ላይ ማንቆርቆሪያው ይፍለቀለቃል። ራግና በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ነበረች። አንፊን የፈላውን ውሃ ጠርሙሱ ላይ አንቆረቆረ፣ በማንኪያ አማሰለ፣ ቀዝቃዛ ቧንቧ ሥር ይዞ አበረደው፣ ክዳኑን ገጠመ። አንድም ጊዜ አላመነታም። በኋላ ነገሩን ሲያስበው ከሁሉ ያስፈራው ይሄ ነው።

"ይኸው" አለው ቶርጊልስን።

"ተባረክ። አንተ እኮ ሰው ነህ" አለና ቶርጊልስ ጠርሙሱን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ሄደ።

አንፊን ቅዳሜ ጩኸቱን ከሩቅ ሲሰማ አልተናደደም። ጩኹ እንግዲህ፣ አለ በሆዱ፤ የሞተ አይሰማም። ቀጥሎ ባሉት ቀናት ምክንያት እየፈለገ በትምህርት ቤቱ በኩል አለፈ። ጋራዡ ውስጥ ሳቅ አልነበረም። ደስ አለው፤ ደስታው ግን እንደ ጥሬ ሊጥ ይከብደው ነበር።

በዚያ ሳምንት እንደገና ጠመቀ። አሁን ብቅሉን ሸርከት ብቻ አደረገው፤ ያችን ልጅ በሆዱ እያመሰገነና እየረገመ። ጭማቂው ከላይ እየፈሰሰ ከሥር እየተሳበ እንደ ምንጭ ዞረ። የብቅሉ ሽታ ጎጆዋን እንደ ትኩስ ዳቦ ሞላት። አንፊን ለመጀመሪያ ጊዜ ዕቃውን ወደደው። 'አሁን ይምጣ' አለ። 'አሁን ይየው።'

ቀጥሎ ወንፊቱ መውጣት ነበረበት። አንፊን በርጩማ ላይ ወጥቶ እጀታውን ጨበጠ፤ ጀርባውን ወጥሮ ሳበው። እርጥቡ ብቅል ጥጃ ይመስል ከበደው። እስከ ጠርዙ አመጣው፤ የወንፊቱ አንዱ እግር መደገፊያው ላይ አረፈ፤ ሌላው ሳተ። ወንፊቱ ተመልሶ ተንቦጫረቀ። ትኩሱ ጭማቂ ከጭኑ እስከ ጫማው ድረስ ለበለበው። አንፊን ጮኸ፤ ተራራው መልሶ እስኪጮህ።

ቶርጊልስ ማሳው ላይ አጥር እየጠገነ ነበር። ጩኸቱን ሲሰማ የመሰለው ሌላ ነገር ነው። አጥሩን ዘሎ፣ ቅር እያለው፣ ጎጆዋ በር ላይ ደረሰ።

"ያለ እኔ እርሾ ጨመርክ?" አለ ገና ሳይገባ።

ከዚያ ያንን የሚያብረቀርቅ ጎታ አየ፤ ሥሩ ወድቆ የሚያቃስተውን አንፊንን አየ። የውሃውን ቱቦ ስቦ እግሩ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለቀቀበት፤ ሱሪውን በመቀስ ቀደደለት። "በል ተነስ፤ ሐኪም ቤት" አለና በብብቱ ሥር ገብቶ ሊያነሳው ሞከረ። ግማሽ ድረስ አነሳውና ፊቱ አመድ መሰለ፤ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆነ። አንፊንን ለቀቀውና ደረቱን ይዞ ግድግዳው ላይ ተደገፈ።

"ምን ሆንክ? ቶርጊልስ! ምን ሆንክ?" አለ አንፊን ሕመሙን ረስቶ።

"ምንም። ቆይ... ያልፋል።"

አንፊን በርጩማውን ተደግፎ ራሱ ተነሳ። ሁለቱም ተያይዘው፣ ማን ማንን እንደሚደግፍ ሳይታወቅ፣ መኪናው ጋ ደረሱ።

ቶርጊልስ መሪውን ያዘ። ግማሽ መንገድ ላይ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ተናገረ።

"ልቤ ነው። አንዱ መዝጊያ ተበላሽቷል። ከፀደይ ጀምሮ ከባድ እንዳላነሳ ከልክለውኛል። ከገና በኋላ ቀዶ ሕክምና ያደርጉልኛል።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ብዬ? አንተ ባልዲ ስታመላልስ እኔ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ልይህ? ታዝንልኛለህ። ዮስት ድሮ ምን ያህል እሸከም እንደነበር አያውቅም። እሱ ጋ ቁጭ ስል ቁጭ ያልኩ ሰው ብቻ ነኝ።"

የአንፊን እግር ይቃጠላል፤ ፊቱም ይቃጠላል።

ሐኪም ቤት ደርሰው እግሩ ተቀብቶ ተጠቀለለ። መተላለፊያው ላይ ወረቀት ለማስፈረም ተቀምጠው ተራ ሲጠብቁ ቶርጊልስ ባርኔጣውን እንደገና ያሻሽ ጀመር።

"አንድ ነገር ልንገርህ፤ እንዳትቆጣ። የአያትህን እርሾ ገድዬዋለሁ። መኪናው ውስጥ ማሞቂያው አጠገብ አስቀምጬው መሆን አለበት። ጨመርነው፣ ጮኽን፤ ጭማቂው እንደ ተኛ ቀረ። አፍሬ ነው ያልመጣሁት።"

ያን ጊዜ አንፊን ዝም ቢል ነገሩ ተቀብሮ ይቀር ነበር። ጥፋቱን ተሸካሚ አግኝቷል፤ ያውም በገዛ ፈቃዱ። አንፊን ግን የቶርጊልስን ከንፈር አየ፤ ገና ቀለሙ አልተመለሰም።

"አንተ አይደለህም የገደልከው" አለ። "የፈላ ውሃ አፈሰስኩበት። አውቄ ነው። ቀንቼ ነው።"

ቶርጊልስ ቀስ ብሎ ዞረ። "በማን?"

"በአንተና በሆላንዱ።"

ቶርጊልስ ተነስቶ ባርኔጣውን አደረገ። "ለራግና እደውልላታለሁ፤ መጥታ ትውሰድህ" አለና ወጣ።

ኅዳር በበረዶ ገባ። ወትሮ ቶርጊልስ መንገዱን ሲጠርግ የአንፊን በር ላይ ሲደርስ የመጥረጊያውን ምላጭ ዘወር አድርጎ ግቢውንም በአንዴ ያጸዳለት ነበር። አሁን ቀጥ ብሎ ያልፋል፤ እንዲያውም የመንገዱን በረዶ በሩ ላይ ቆልሎለት ይሄዳል። አንፊን በሚያነክስ እግሩ አካፋ ይዞ ይወጣል። ራግና በመስኮት ታየዋለች።

"የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" አለችው አንድ ቀን።

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ካወቅህ በረዶ ምን ትዝቃለህ? ሂድና ሆላንዱን ይቅርታ ጠይቀው። የሱንም ቢራ ነው ያበላሸኸው።"

አንፊን ለቶርጊልስ ሦስት ጊዜ ደውሎ አላነሳለትም ነበር። ስለ ዮስት ግን አስቦም አያውቅም። በቅናቱ ውስጥ ዮስት ሰው አልነበረም፤ ነገር ነበር። ሕያው እርሾ በጠርሙስ ይዞ ሄደ። ዮስት ጋራዡ ውስጥ ብቻውን ቡና ይጠጣ ነበር። አንፊን ቆሞ ሁሉንም ነገረው፤ ማንቆርቆሪያውን ሳይቀር።

ዮስት ስኒውን አስቀመጠ። "በእኔ? በእኔ ቀናህ?"

"አዎ።"

"ሰው በእኔ ቀንቶ አያውቅም" አለ ዮስት። "ሚስቴ እንኳን። እሷ ጥላኝ ስትሄድ 'በአንተ የምትቀና ሴት ካገኘህ ሰላም በልልኝ' ነው ያለችው። ቁጭ በል እባክህ።"

"አልተቆጣህም?"

"ተቆጥቻለሁ። ቁጭ በልና ልቆጣህ።"

አንፊን ተቀመጠ። ዮስት በተሰባበረ ቋንቋው ትንሽ ተቆጣው፤ ቃል ሲያጣ አንፊን ራሱ የስድቡን ቃል እየነገረው። ቢራው የፓኬት እርሾ ተጨምሮበት መትረፉን፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ቶርጊልስ እሱም ዘንድ እንዳልመጣ አንፊን አወቀ። ዮስትም ብቻውን ነበር። ሲለያዩ ዮስት የትልቁን መጥመቂያ ነገር ጠየቀ፤ አንፊን ስለ ወንፊቱ ነገረው።

"መዘውር የለውም?" አለ ዮስት በድንጋጤ።

በማግስቱ መዘውርና ገመድ ይዞ መጣ። አንፊን የጎጆዋን ተሸካሚ እንጨት በሌላ ወራጅ አጠናከረው፤ ዮስት ጉበኑን በግንባሩ ሁለት ጊዜ እየመታ ገመዱን ሰቀለ። ያለፈው ብቅል ወንፊቱ ውስጥ ሻግቶ ነበርና ቀኑን ሙሉ ሲያጥቡ ዋሉ። ቅዳሜ ሊጠምቁ ተስማሙ። አንፊን የተስማማው አፍሮ ነው፤ ዮስት ግን እንደ ልጅ ደስ ብሎት ሄደ።

ቅዳሜ ብቅሉ ገብቶ ፓምፑ መዞር ሲጀምር በሩ ተከፈተ። ቶርጊልስ ነው። ማን እንደነገረው ያን ጊዜ አልታወቀም፤ ራግና ግን ወጥ ቤት ውስጥ ሆና ትዘፍን ነበር። ቶርጊልስ አንፊንን እንዳላየ አልፎ ወደ በርሜሉ ጎንበስ አለና አሸተተ።

"ዮስት፣ ለዚያ ሰውዬ ንገረው" አለ፤ "ጥድ የሌለበት ቢራ የድመት ሽንት ነው።"

ዮስት ወደ አንፊን ዞረ። "ጥድ የሌለበት ቢራ የድመት ሽንት ነው ይልሃል።"

"ጥዱን ከኔ ጋር የሚቆርጥ ሰው መኪናውን እየነዳ በደጄ ያልፋል በለው" አለ አንፊን።

"ጥዱን ከሱ ጋር የሚቆርጥ..."

"ሰምቻለሁ!" አለ ቶርጊልስ። "እርሾ ገዳይ ጋ ጥድ አልቆርጥም በለው።"

"እርሾ ገዳይ ጋ..."

"አጥፍቻለሁ ብዬ ሦስት ጊዜ ደውያለሁ በለው። ቢያነሳው በስልክ አሰማው ነበር።"

ዮስት መሐላቸው ቆሞ አንዴ ወዲያ አንዴ ወዲህ እያየ፣ "ሁለታችሁም የምታወሩት አንድ ቋንቋ ነው እኮ" አለ። ቶርጊልስ ሊስቅ ሲል በሳል ለወጠው። ከዚያ መጋዙን ከግድግዳው አወረደ፤ መልሶ ግን ለአንፊን አቀበለው።

"አንተ ቁረጥ። እኔ የትኛው ቅርንጫፍ እንደሚቆረጥ አሳይሃለሁ። ደግሞ እንዳታዝንልኝ፤ ዓይንህን አየዋለሁ።"

"አላዝንልህም" አለ አንፊን። እውነቱን ነበር፤ የተሰማው ሌላ ነገር ነው።

ቶርጊልስ ቀኑን በርጩማው ላይ ሆኖ ሰሌዳውን እያነበበ፣ ሁለቱንም ሲያዝና ሲሰድብ ዋለ። ወንፊቱ በመዘውሩ እንደ ላባ ወጣ። ቶርጊልስ ያወራ ነበር፤ ስለ ሟች ሚስቱ፣ ስለ ሐኪሞቹ፣ ሌሊት ልቡን ስለ ማዳመጡ። አንፊን ይህን ሁሉ ሰምቶት አያውቅም። ዮስት አንድ ቀልድ ሲናገር ግን ቶርጊልስ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ፤ አንፊንንም ያው የድሮው ቅናት ቆነጠጠው። እሱም ቀልድ ሞከረ። ማንም አልሳቀም።

የገናው ቢራ ከመዳቡ ድስት ቢራ ጋር እኩል ነው የሚል ሰው መንደሩ ውስጥ አልተገኘም። ቶርጊልስ "ንጹሕ ነው፤ ጢሱ ቀረበት" ብሎ ሦስት ጊዜ አስቀዳ። ስለ እርሾው ጉዳይ ይቅር ብዬሃለሁ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም፤ አንፊንም አልጠየቀውም። በረዶው ግን ከዚያ በኋላ በሩ ላይ አልተቆለለም።

የቀዶ ሕክምናው ቀን ሲቀርብ አንፊን ቶርጊልስን በርገን ማድረስ የእሱ ድርሻ መሆኑን እርግጠኛ ነበር። በዋዜማው ሲደውልለት ቶርጊልስ፣ "ዮስት አደርስሃለሁ ብሎኛል እኮ" አለው።

"መቼ አለህ?"

"ባለፈው ሳምንት።"

"ባለፈው ሳምንት! እኔ የማውቅህ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"እና ምን ላድርግ? ለሁለት ልቆረጥላችሁ? ለዚያ እኮ ሐኪሞቹ አሉ።"

ጠዋት አንፊን መኪናውን አሙቆ፣ ራግናንም ይዞ፣ ቶርጊልስ በር ላይ ሲደርስ የዮስት መኪና ቀድሞ ቆሟል። ሁለቱ ሰዎች በረዶው ላይ ቆመው በማን መኪና ይኬድ የሚል ክርክር ያዙ። ዮስት የኔ መቀመጫ ይሞቃል ይላል፤ አንፊን የኔ ጎማ አዲስ ነው ይላል። ቶርጊልስ ቦርሳውን ይዞ ደረጃው ላይ ጠበቃቸው። በመጨረሻ ራግና ከአንፊን መኪና ወርዳ ዞረች፣ ቁልፉን ከባሏ እጅ ነጠቀችና መሪው ላይ ተቀመጠች።

"ቶርጊልስ፣ ከፊት ግባ" አለች።

አንፊን የፊቱን በር እጀታ ይዞ ነበር። "ከፊትማ እኔ..."

"ከኋላ።"

አንፊንና ዮስት ከኋላ ገቡ። የዮስት ጉልበት አገጩ ጋ ደርሶ የአንፊንን ቦታ ግማሹን ያዘ። አንፊን በክርኑ ገፋው፤ ዮስትም ገፋው።

"አርፋችሁ ተቀመጡ" አለች ራግና በመስታወቱ እያየቻቸው፤ መኪናውም ቁልቁል ወደ ባሕሩ መንገድ ወረደ።